ቱርቦና ከፍተኛ እመቃ ያለው ሞተር፦ በማደያው ቤንዚን አብረው ይሄዳሉ?

ልጅ «አባባ፣ መኪናው ላይ ቱርቦ ላስገጥም ነው፤ ዕቃው በኢንተርኔት በርካሽ ተገኝቷል» ይላል። መኪናው የተመዘገበው በአባት ስም ነው፤ ቢቱዋሑን የሚከፍሉትም እሳቸው ናቸው። ይሁን ከማለታቸው በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄ አለ። የዚህ ሞተር የእመቃ ልክ ስንት ነው? የሚሞላለት ቤንዚንስ ስንት ኦክቴን ነው? በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ማደያዎች በብዛት የሚሸጠው 95 ነው። 98ም በአንዳንድ ማደያ ይገኛል፣ ግን ውድ ነው። መንግሥት በየወሩ የዋጋ ጣሪያ የሚያወጣለት 95ቱ እንጂ 98ቱ አይደለም።

አጭሩ መልስ እንዲህ ነው። ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣ መኪና፣ የነዳጅ ክዳኑ ላይ 95 ተብሎ ከተጻፈ፣ በ95 ያለ ችግር ይሄዳል። ያለ ቱርቦ በከፍተኛ እመቃ የተሠራ ሞተር ላይ ከውጭ ቱርቦ ገጥሞ በ95 መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ምናልባትም አንድ ክረምት ይሄዳል። ከዚያ በአንድ የሻራቭ ቀን፣ በ40 ቁጥር መንገድ ላይ ጭነት ሲበዛበት ፒስተኑ ይሰነጠቃል። ምክንያቱን ለመረዳት ከአየሩ መጀመር ይሻላል።

አሥር ሲኒ አየር ወደ አንድ ሲኒ

የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ያንን ያምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ የነደደው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። የእመቃ ልክ የሚባለው ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ነው። አሥር ሲኒ የሚይዝ ቦታ ወደ አንድ ሲኒ ከጠበበ ልኩ 10 ለ 1 ነው። የድሮ መኪናዎች 8 ወይም 9 ነበሩ። ዛሬ ቱርቦ የሌላቸው አዳዲስ ሞተሮች ከ10 እስከ 13 ይደርሳሉ። ማዝዳ ስካይአክቲቭ ብሎ ከሠራቸው ሞተሮች 14 ለ 1 የሆኑም አሉ። ፋብሪካዎች ልኩን ከፍ የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይበልጥ የታመቀ ድብልቅ ከያንዳንዱ ጠብታ ቤንዚን ብዙ ሥራ ይሰጣል።

ግን አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ያስታውሳል። ሙቀቱ የመጣው ከመታመቁ ነው። በወረቀት ሒሳብ ብቻ ቢታሰብ፣ በ30 ዲግሪ የገባ አየር በ10 ለ 1 ሞተር ውስጥ ሲታመቅ ወደ 400 ዲግሪ፣ በ13 ለ 1 ደግሞ ወደ 460 ዲግሪ ይጠጋል። ቤንዚኑ ሲተን ጥቂት ያቀዘቅዘዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ቱርቦ፣ ወይም የጎንደር የውሃ ወፍጮ

ቱርቦን ለማስረዳት ከአገር ቤት የውሃ ወፍጮ የተሻለ ምሳሌ የለም። በቦዩ የወረደው ውሃ ከታች ያለውን መዘውር ይመታል፤ መዘውሩ ቀጥ ብሎ በቆመው ዘንግ ላይ ስላለ፣ ከላይ ያለው ድንጋይ አብሮ ይዞራል። ቱርቦም እንዲሁ ነው፤ ዘንጉ ብቻ ተጋድሟል። በማርሚታው ሊወጣ የነበረው የጋለ ጭስ በአንድ በኩል ያለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ስቦ እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ ትንንሾቹ 200,000ም ያልፋሉ። የጭሱ ሙቀት በቤንዚን ሞተር 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዘንጉን የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

አሳቡን ያመነጨው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሲሆን በ1905 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ጥቅሙ በደንብ የታየው ግን በተራራ ላይ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አድርጎ ወደ ኮሎራዶው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወሰደው። ከፍታው 4,300 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ትንሽ ብቻ ዝቅ ይላል። ከታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፣ ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ።

ይህን በተግባር ያየ አንባቢ ጥቂት አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ የተጓዘ ሰው፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በቀደዱት በዚያ መንገድ ላይ ፊያት ኤንትሬው ሽቅብ ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ሰምቷል። ከ10 ሊትር የሚበልጥ ትልቅ ሞተር ነበረው፤ ቱርቦ ግን አልነበረውም። በጎንደር ከፍታ፣ ማለትም በ2,100 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ትንሽ ያልፋል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር አንድ አራተኛ ያህል ጎድሎበት ነበር የሚጎትተው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪናዎች በዚያው ዳገት ሲያልፉት ሹፌሮቹ የቱርቦን ጥቅም ያለ መጽሐፍ ተምረዋል።

ናፍጣ፣ እዚህ ሶላር የምንለው፣ ለቱርቦ አይቸገርም። በናፍጣ ሞተር የሚታመቀው አየር ብቻ ነው፤ ነዳጁ የሚረጨው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚነድ ነገር ውስጥ የለም። ችግሩ የቤንዚን ነው።

ኦክቴን ምን ይለካል?

ብዙ ሰው 98 ከ95 የበለጠ «ኃይል ያለው» ቤንዚን ይመስለዋል። አይደለም። ኦክቴን የሚለካው ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲሞቅ፣ ብልጭታ ሳይጠብቅ በራሱ ከመንደድ ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው። ለመለኪያ ሁለት ፈሳሾች ተመረጡ፤ አይሶ ኦክቴን በጣም የሚታገሠው 100 ተባለ፣ ቶሎ የሚነደው ሄፕቴን 0 ተባለ። 95 ቤንዚን በመፈተኛው ሞተር ውስጥ 95 እጅ አይሶ ኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን እንደተቀላቀለበት ሆኖ ይታገሣል ማለት ነው። ትዕግሥት የማያስፈልገው ሞተር ላይ 98 መሙላት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ትዕግሥቱ ሲያልቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ በኋላ እሳቱ ከመሀል ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ዳር ላይ ያልነደደው ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ተጨንቆ፣ እሳቱ ሳይደርስበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ይህ ማንኳኳት ይባላል። ድምፁ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይመስላል፤ የሚሰማውም ነዳጅ ሲረገጥና ዳገት ሲወጣ ነው። ቢዬላው ሲያረጅ የሚያሰማው ከታች የሚመጣ ወፍራም ምት ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማደናገር ብዙ ሰውን አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ከትቷል። ማንኳኳት ሲደጋገም ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ የፒስተን ፋሻዎችን ይሰብራል፣ በመጨረሻም ፒስተኑን ይበሳል። ከፍ ባለ የቱርቦ ግፊት ላይ ከሆነ ለዚህ ሁሉ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ወይም የአሜሪካ ቪዲዮዎች የሚጠቅሱት ቁጥር የተለየ መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። እነሱ በሁለት ዓይነት ፈተና ያገኙትን ቁጥር አማካይ ስለሚጽፉ፣ ቁጥራቸው ከእኛው በ4 ወይም 5 ያንሳል። የአሜሪካ 91 እዚህ ከ95 ጋር ይቀራረባል፤ 93 ደግሞ ከ98 ጋር። «አሜሪካዊው በ93 ነድቶታል» ያለ ልጅ፣ እዚህ 98 መሙላት ይኖርበታል ማለት ነው።

ከፍተኛ እመቃና ቱርቦ ሲገናኙ

እንግዲህ ሁለቱን እናገናኝ። ከፍተኛ እመቃ አየሩን በሲሊንደር ውስጥ ያምቃል። ቱርቦ ያንኑ አየር ከመግባቱ በፊት ያምቃል። ሁለቱም ሙቀት ይጨምራሉ፤ ሁለቱም የሚያወጡት ከአንዱ ከቤንዚኑ ትዕግሥት ነው። ቱርቦው ግማሽ ባር ሲገፋ፣ በ30 ዲግሪ የገባው አየር ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ይወጣል። ያ የሞቀ አየር ሳይቀዘቅዝ 13 ለ 1 ሞተር ውስጥ ቢገባ፣ በዚያው የወረቀት ሒሳብ መጨረሻው 600 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። 95 ቤንዚን ይህን አይሸከምም።

ይህን ትግል ከሁሉም በፊት በገበያ ላይ የሞከሩት አሜሪካውያን ናቸው። በ1962 ጄነራል ሞተርስ ሁለት ባለ ቱርቦ የቤት መኪናዎች አወጣ። አንዱ ሸቭሮሌ ኮርቬር ሲሆን፣ መሐንዲሶቹ ቱርቦ ሲጨምሩለት እመቃውን ወደ 8 ለ 1 ዝቅ አደረጉት። ሌላው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነበር። እሱ 3.5 ሊትር የአሉሚኒየም ሞተር ይዞ እመቃውን 10.25 ለ 1 ላይ ተወው፤ ከዚያ ላይ ቱርቦ ጨመረበት። ልክ ዛሬ ወጣቶቹ ማድረግ የሚፈልጉት ማለት ነው። በዚያ እመቃ ቤንዚኑ ብቻውን እንደማይታገሥ ስለሚያውቁ፣ ቱርቦው በሚገፋበት ጊዜ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ የሚረጭ መሣሪያ ገጠሙለት። ፈሳሹ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል።

ሥራው የብልህ ሥራ ነበር። የጎደለው ባለቤቱ ነው። ከቤንዚኑ ሌላ አንድ ተጨማሪ ፈሳሽ እየተመለከተ የሚሞላ ሰው አልተገኘም። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ የቱርቦውን ግፊት ይቆርጣል፤ ባለቤቱም «መኪናዬ ደከመ» እያለ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ጄትፋየር ከሁለት ዓመት በላይ አልተሠራም፤ የወጡትም ከ10,000 አይሞሉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ራሱ ለብዙዎቹ ባለቤቶች ቱርቦውን አውጥቶ ተራ ካርቡራተር ገጠመላቸው።

የስዊድኑ ሳብ ከዚህ ተምሮ ይመስላል፣ በ1977 ሳብ 99 ቱርቦን ሲያቀርብ እመቃውን ወደ 7.2 ለ 1 አወረደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማንኳኳትን የሚሰማ «ጆሮ» ሞተሩ ላይ ገጠመ። ጆሮው ማንኳኳት ሲሰማ የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። ያኔ እመቃውን መልሶ ከፍ ማድረግ ተቻለ። ዛሬ ሁሉም መኪና ይህ ጆሮ አለው። ብዙዎቹ ደግሞ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጩታል፤ እዚያው ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ከፋብሪካ የወጡ ትናንሽ ባለ ቱርቦ ሞተሮች በ10 ወይም 10.5 ለ 1 እመቃ በ95 ይሄዳሉ።

ለጥርጣሬ ቦታ የማይሰጠው ምሳሌ ማዝዳ ነው፤ በእስራኤል መንገዶች ላይ በብዛት ስለሚታይ ለአንባቢም ቅርብ ነው። የማዝዳ 2.5 ሊትር ሞተር ያለ ቱርቦ 13 ለ 1 ነው። ያው ኩባንያ ለዚያው 2.5 ሊትር ቱርቦ ሲጨምርለት እመቃውን ወደ 10.5 አወረደው። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ ሲሸጠው ሁለት የጉልበት ቁጥር ነበር የጻፈለት፤ በአሜሪካው 93 ቤንዚን 250 የፈረስ ጉልበት፣ በተራው 87 ደግሞ 227። ከፍተኛ እመቃን እንደ መለያው የያዘ፣ የራሱ ቤተ ሙከራና መሐንዲሶች ያሉት ኩባንያ 13 ለ 1ን ከቱርቦ ጋር አልደፈረም። የሰፈር ሙሳክ የሚደፍርበት ምክንያት አይታይም።

አዲስ አበባ ላይ የሠራው እዚህ ለምን አይሠራም?

ወጣቶቹ ሌላ መከራከሪያ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቱርቦ የተገጠመባቸው መኪናዎች ያለ ችግር ሲሄዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ያመጣሉ። ምናልባት እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፍ 75 በመቶ ገደማ ነው። ቂርያት ማላኪ፣ ገዴራና ያቭኔ ያሉት ግን በባሕሩ ሜዳ ላይ ነው፤ አየሩ ሙሉ ነው።

መካኒኮች ለግምት የሚጠቀሙበት ቀላል ማባዣ አለ። የእመቃ ልኩን ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ግፊት ማባዛት ነው። ትክክለኛ ሳይንስ አይደለም፣ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። 10 ለ 1 የሆነ ሞተር ያለ ቱርቦ በቂርያት ማላኪ 10 ነው፤ በአዲስ አበባ 10 ሲባዛ በ0.75፣ 7.5 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ገና ሲነሣ ትርፍ ትዕግሥት አለው። አሁን ሁለቱም ላይ የቱርቦው ጌጅ 0.5 ባር እስኪያሳይ ይገፋ። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ 0.75 ሲደመር 0.5፣ 1.25 ሆኖ ውጤቱ 12.5 ይሆናል። ቂርያት ማላኪ 1 ሲደመር 0.5፣ 1.5 ሆኖ ውጤቱ 15 ይሆናል። ሞተሩ 13 ለ 1 ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከ16 ትንሽ ያልፋል፤ እዚህ 19.5 ይደርሳል። መኪናው አንድ፣ የጌጁም ቁጥር አንድ ነው፤ በሞተሩ ላይ የሚወርደው ጭነት ግን ይለያያል።

በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። የአዲስ አበባ ቀን 25 ዲግሪ ሲሆን ሞቃት ይባላል፤ እዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከ30 በላይ የተለመደ ነው። በቢሉ መስቀለኛ መንገድ ወረፋ ላይ ቆሞ በገዛ ሙቀቱ የተቀቀለ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ከዚያም ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ጀምራ ነበር። የተፈለገው የውጭ ምንዛሪ ለማዳን ነው እንጂ ለእሽቅድምድም አይደለም። ነገር ግን ኤታኖል ኦክቴኑ ከ100 በላይ ነው፤ ሲተንም በጣም ያቀዘቅዛል። በዓለም ዙሪያ ቱርቦ የሚወዱ ሰዎች ኤታኖል የበዛበት ነዳጅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። የድሮው መላ እርሳስ ነበር፤ በ1921 አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ ማንኳኳትን ለስድሳና ሰባ ዓመት ጸጥ አድርጎ፣ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ሲረጋገጥ ተከለከለ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተሰናብተውታል፤ መጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ያ መላ አይመለስም።

ልጁ እንቢ ቢል

ቢቻል ፋብሪካው ራሱ ባለ ቱርቦ አድርጎ የሠራውን መኪና መግዛት ይሻላል። ልጁ «የለም፣ ይቺው ናት» ካለ ግን የሚከተሉት ሁሉ መኖራቸውን አባትየው መጠየቅ ይችላሉ። መካኒክ መሆን አያስፈልጋቸውም።

በመጀመሪያ እመቃው መውረድ አለበት። ይህ ቴስታታው ወርዶ፣ አናታቸው ጎድጎድ ያለ ጠንካራ ፒስተኖች ገብተው ነው የሚሠራው። ወፍራም ጓርኒሲዮን ማስገባት ርካሹ መንገድ ነው፤ ግን እሳቱ የሚነድበትን ክፍል ቅርጽ ስለሚያበላሽ አንዳንዴ ማንኳኳቱን ያብሰዋል። ቀጥሎ ኢንተርኩለር ያስፈልጋል፤ ከቱርቦው የወጣውን የሞቀ አየር ወደ ሞተሩ ሳይገባ የሚያቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሚመስል ዕቃ ነው። ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ስለሚፈልግ የነዳጅ ፓምፑና መርጫዎቹ ይቀየራሉ። የሞተሩ ኮምፒውተርም በሚለካ መሣሪያ ላይ፣ በሚያውቅ ሰው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ብልጭታው ዘግይቶ እንዲመጣ፣ ድብልቁም ነዳጅ የበዛበት እንዲሆን። ከኢንተርኔት የመጣው ርካሽ ዕቃ ከእነዚህ አብዛኛውን አይጨምርም፤ ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው።

እመቃው ሳይወርድ ይሁን ከተባለ የሚቀረው የቱርቦውን ግፊት በጣም ማሳነስ ነው፤ 0.3 ባር፣ ቢበዛ 0.5፣ ያውም በ98 ቤንዚን፣ ከጥሩ ኢንተርኩለርና ከዘገየ ብልጭታ ጋር። ብልጭታው ሲዘገይ ደግሞ ከተጨመረው ጉልበት ከፊሉ ተመልሶ ይሄዳል፤ ጭሱ ይበልጥ ይግላል፤ የቤንዚን ፍጆታው ይጨምራል። 13 ለ 1 ላይ ይህም ራሱ አደገኛ ነው። በ95 ከሆነ ሞተሩ የሚቆይበትን ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

ፈቃድና ቢቱዋሕ

በእስራኤል ሕግ የመኪናን አሠራር ያለ ሚስራድ ሀታሕቡራ ፈቃድ መቀየር አይቻልም። ከፋብሪካው ያልነበረ ቱርቦ መግጠም ከዚህ ይቆጠራል። ያለ ፈቃድ የተገጠመ ከሆነ በዓመታዊው ቴስት ሊወድቅ ይችላል፤ ፖሊስም መንገድ ላይ አስቁሞ መኪናው እንዳይነዳ ማገድ ይችላል። በቴስት ቀን «ለአንድ ቀን አውጥቼ እመልሰዋለሁ» የሚለው ብልጠት በሰፈር የታወቀ ነው፤ መፍትሔ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የሚመረመረው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። የቢቱዋሕ ውል የሚፈርም ሰው የመኪናውን ሁኔታ የሚለውጥ ነገር ማሳወቅ አለበት። ያልተነገረው ኩባንያ በተለይ በማኪፍ በኩል ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይከራከራል። ውሉ ላይ ያለው ስም የአባት ከሆነ ደብዳቤው የሚመጣው ለአባት ነው። የቢቱዋሕ ወኪሉን ከመግጠም በፊት፣ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ከፋብሪካ ቱርቦ ያለው መኪና ለገዙ

አሁን ከሚሸጡት ትናንሽ መኪናዎች ብዙዎቹ ባለ ቱርቦ ስለሆኑ፣ ምንም ማስገጠም ያላሰቡ አባትና እናትም ሳያውቁት ቱርቦ እየነዱ ሊሆን ይችላል። እነዚህን በ95 መንዳት አያስፈራም፤ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው። «ቢያንስ 98» ካለ 98 ይሞላ።

ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ዘይት ነው። በዚያ ፍጥነት የሚዞረውን ዘንግ የሚያድነው እሱ ነውና፣ ዘይት የመለወጫው ጊዜ አይለፍ፤ የዘይቱም ዓይነት የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ይሁን። ትናንሽ ቀጥታ የሚረጩ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ሌላ ዓይነት ማንኳኳት እንዳላቸው ታውቋል፤ በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ፣ ድብልቁ ከብልጭታው ቀድሞ ይነድና አንድ ከባድ ምት ይሰጣል። አንድ እንዲህ ያለ ምት ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ከ2018 ጀምሮ የአሜሪካ የዘይት መለኪያ ይህን የሚከላከል ዘይት «ኤስ ኤን ፕላስ» በሚል ምልክት፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ «ኤስ ፒ» በሚል እያሳየ ይገኛል። ማርሽ በእጅ የሚቀይር ሰው በአምስተኛ ማርሽ፣ በ1,500 ዙር፣ ዳገት ላይ ነዳጁን ወለል ድረስ አይርገጥ፤ ማርሹን ያውርድ።

ከረጅም የፍጥነት ጉዞ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ እንዲዞር መተው ጥሩ ልማድ ነው፤ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት እንዳያርር። በሰፈር ቀስ ብሎ ለመጣ ግን አያስፈልግም። ሰማያዊ ጭስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ዘይት፣ ወይም ሲረገጥ እንደ ፉጨት ሆኖ እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ ከተሰማ ወደ ሙሳክ ይወሰድ። ያገለገለ ባለ ቱርቦ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ፣ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት፣ ዘይት የተለወጠባቸውን ደረሰኞች ይጠይቅ።